«ለጊዜው» የምትባል ቃል

በየመሥሪያ ቤቱ ከሚጻፉት ቃላት ሁሉ ለስላሳዋና ጉዳት የሌለባት መስላ የምትታየው «ለጊዜው» የምትባለዋ ቃል ናት። ቤቱ ለጊዜው ይለቀቅ፤ መንገዱ ለጊዜው ይዘጋ፤ መሬቱ ለጊዜው ለእገሌ መሥሪያ ቤት አገልግሎት ይዋል ተብሎ ይጻፋል። ጸሓፊው ሲጽፋት እጁ አይከብደውም፤ ፈራሚው ሲፈርምባት አያመነታም፤ ትእዛዙ የሚደርሰውም ሰው «ለጊዜው ከሆነማ ምን ይደረግ» ብሎ ዝም ይላል። አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ይህች ቃል ምን ያህል ረጅም ዕድሜ እንዳላት ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ቢኖር፣ በእንግሊዝ አገር ገጠር የሚገኘውን የአንድ ጦር አይሮፕላን ማረፊያ ታሪክ እንዲመለከት እመክረዋለሁ። ቦታው ግሪነም ኮመን ይባላል። ከሎንዶን ወደ ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ባርክሺር በሚባለው አውራጃ፣ ከኒውቤሪ ከተማ አጠገብ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

«ኮመን» ማለት በአማርኛችን የወል እንደ ማለት ነው። ነገር ግን በእንግሊዝ ሕግ የወል መሬት ማለት ባለቤት የሌለው መሬት ማለት አይደለም። መሬቱ የአንድ ባለ ርስት ወይም የአንድ ከተማ ምክር ቤት ንብረት ሊሆን ይችላል። ሆኖም በዙሪያው የሚኖሩት ጎረቤቶች ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መብት አላቸው። አንዱ የተወሰነ ቍጥር ያላቸውን ላሞች ያሰማራል፤ ሌላው ማገዶ ይለቅማል፤ ሌላው ለቤቱ የሚሆን ጠጠር ይቈፍራል። ባለቤቱ መሬቱን ለሌላ ቢሸጠው እንኳ እነዚህ መብቶች ከመሬቱ ጋር አብረው ይሄዳሉ እንጂ በሽያጭ አይጠፉም። ግሪነምም እንዲህ ያለ መሬት ነበር። አፈሩ ጠጠር የበዛበት ስለ ሆነ ለእርሻ አይመችም፤ ቍጥቋጦና ሣር ግን ይበቅልበታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ የኒውቤሪ ምክር ቤት ገዝቶት ስለ ነበር የከተማው ሰው እንደ ራሱ ደጃፍ ይቈጥረው ነበር።

ሜዳውን ለከብትና ለእግረኛ ያስቀረው ጠፍነቱ ነበር፤ ለጥ ያለ መሆኑ ደግሞ የጦሩን ዓይን ሳበበት። ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ሰፊና ደረቅ መሬት ለአይሮፕላን መንደርደሪያ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ስለዚህ በ1941 ዓ.ም. መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ ሕግ መሠረት ሜዳውን ወሰደው። ያን ጊዜ ፈረንሳይ በጠላት እጅ ወድቃለች፤ ሎንዶን በቦምብ ስትደበደብ ከርማለች። እንዲህ ባለው ቀን «ከብቶቼን የት ላሰማራ?» ብሎ የሚከራከር ሰው ቢገኝ፣ ጎረቤቶቹ ራሳቸው ይቈጡት ነበር። እኔም በበኩሌ መንግሥት ያን ሜዳ በመውሰዱ አልነቅፈውም። ሀገር በእሳት ስትያዝ ከጎረቤት ግቢ ውሃ መቅዳት ነውር አይደለም። ጥያቄው እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንስራው ለባለቤቱ ተመለሰ ወይ? የሚለው ነው።

ማረፊያው በ1942 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቈይ ለአሜሪካ አየር ኀይል ተሰጠ። ትልቁ ቀኑም ጁን 5 ቀን 1944 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ምሽት የሕብረቱ ጦር ዋና አዛዥ ጄኔራል አይዘንሐወር ወደ ግሪነም መጥቶ፣ ፊታቸውን በጥላሸት ቀብተው የሚጠባበቁትን የ101ኛው ክፍለ ጦር የዣንጥላ ወታደሮች አነጋገራቸው። በዚያ ሰዓት የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ላይ በብዙ የታሪክ መጻሕፍት ታትሟል። ከዚያ በኋላ 81 አይሮፕላኖች ወታደሮቹን ጭነው ተራ በተራ ተነሡ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላም በኖርማንዲ ሰማይ ላይ አወረዷቸው። ፈረንሳይን ነጻ ለማውጣት የተደረገው ታላቅ ዘመቻ በር ከተከፈተባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የላሞች ሜዳ ነበር።

አንባቢዬ ወጣት ሹም ከሆነ፣ ከዚያው ቀን አንድ ነገር እንዲያስታውስ እለምነዋለሁ። አይዘንሐወር ዘመቻው ቢከሽፍ የሚነገረውን ቃል አስቀድሞ በእጁ ጽፎ በኪሱ ይዞ ነበር። የወረቀቱ ፍሬ ነገር ወታደሮቹ የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል፤ ጥፋት ቢኖር ግን የእኔ የብቻዬ ነው የሚል ነው። ወረቀቱ ሳያስፈልግ ቀረ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ሰው ትእዛዝ ሲሰጥ፣ የትእዛዙን ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደሚያሳርፍ አስቀድሞ በስሙ ማመልከቱ ትልቅ ትምህርት ነው። ከዚህ በኋላ የምንሰማው የሜዳው ታሪክ ግን ማንም «የእኔ ነው» ብሎ ያልፈረመበት የብዙ ዓመታት ዝምታ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ በ1946 ዓ.ም. ማረፊያው ተዘጋ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ «ለጊዜው» ማለት በእውነት ለጊዜው በሆነ ነበር። ግን አምስት ዓመት ሳይቈይ፣ በ1951 ዓ.ም.፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ያለው ፍጥጫ እየከረረ ሲሄድ፣ ሜዳው እንደ ገና ለአሜሪካ አየር ኀይል እንዲሆን ተወሰነ። የኒውቤሪ ሰዎች ተቃወሙ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። የቀድሞው መንደርደሪያ ተነሥቶ በምትኩ 3,000 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በአውሮፓ ካሉት ረጃጅሞች አንዱ የሆነ መንደርደሪያ ተሠራ። ይህን ያህል ሲሚንቶ የሚያፈስስ ሰው ነገ ለመሄድ ያሰበ ሰው አይደለም። ከጊዜ በኋላም መሬቱ የመከላከያ ሚኒስቴር ንብረት ሆነ። የጎረቤቶቹ የግጦሽ መብት ግን በወረቀት ላይ እንዳለ ቀረ። ሚኒስቴሩም ይህን ነገር እንደ ተራ ነገር ቈጥሮ አለፈው።

በዚያ ዘመን በግሪነም ያረፉት ቢ 47 የሚባሉት ትልልቅ ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1958 ዓ.ም. አንዱ አይሮፕላን ሲነሣ ችግር ገጠመውና የነዳጅ በርሜሎቹን ጣለ፤ በርሜሎቹም በማረፊያው ላይ ወድቀው ሌላ አይሮፕላን አቃጠሉ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ እሳቱም ለብዙ ሰዓት ነደደ። የአቶሚክ መሣሪያ ተቃጥሏል፣ መሬቱም ተመርዟል የሚል ወሬ ከዚያ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ኖረ። በ1961 ዓ.ም. በምስጢር የተጻፈ አንድ የመንግሥት ሊቃውንት ጽሑፍ በ1996 ዓ.ም. ሲገለጥ ደግሞ ሕዝቡ ይበልጥ ደነገጠ። በኋላ የተደረገው የአፈር ምርመራ ከእንዲህ ያለ አደጋ የመጣ መርዝ አላገኘም። ቢሆንም ሠላሳ አምስት ዓመት ተደብቆ የኖረን ነገር በአንድ ቀን መግለጫ ማስረዳት እንዴት እንደሚያስቸግር ከዚህ እንማራለን።

አሜሪካኖቹ በ1964 ዓ.ም. ለቀው ሄዱ። አሁንም ሜዳው ሊመለስ ይችል ነበር፤ አልተመለሰም። የታጠረ ነገር አጥሩ ብቻውን ጌታ ይሆነዋልና፣ ጠባቂው ሥራ ባይኖረውም ቍልፉን አይሰጥም። በ1972 ዓ.ም. የኡጋንዳው ኢዲ አሚን የእስያ ተወላጆችን ከአገር ባባረረ ጊዜ፣ ለስደተኞቹ መጠለያ ከተደረጉት 16 ሠፈሮች አንዱ የግሪነም ባዶ ቤቶች ነበሩ። በዚያ አጥር ውስጥ ከካምፓላ የመጡ እናቶች ልጆቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከረሙ። ከሜዳው የወታደር ዘመን ታሪክ ውስጥ እኔ በደስታ የማነበው ገጽ ይህ ነው። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካኖቹ ነዳጅ የሚያድሉ ትልልቅ አይሮፕላኖች ሊያሳርፉበት አስበው፣ የአካባቢው ሰው ስለ ጩኸቱ አጥብቆ ስለ ተቃወመ ሐሳቡ ቀርቶ አይሮፕላኖቹ ወደ ሌላ ማረፊያ ሄዱ።

ይህ ሆኖ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በጁን 1980 ዓ.ም. የመከላከያው ሚኒስትር በፓርላማ ቆሞ አንድ ነገር አስታወቀ። የአትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች በ1979 ዓ.ም. በወሰኑት መሠረት ክሩዝ የሚባሉት የአሜሪካ ሚሳይሎች ወደ እንግሊዝ ይመጣሉ፤ ከነዚህም 96ቱ በግሪነም ይቀመጣሉ አለ። እያንዳንዱ ሚሳይል የአቶሚክ ጦር ራስ ተሸክሞ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ይችላል። ለነሱም ማደሪያ በአፈርና በሲሚንቶ የተሸፈኑ፣ ከሩቅ ሲታዩ ጕብታ የሚመስሉ ስድስት ታላላቅ ምሽጎች ተሠሩ። በ1941 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የተወሰደው ሜዳ በአርባ ዓመቱ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ፣ ለሌላ ዓይነት ጦርነት ተዘጋጀ። የኒውቤሪን ሰው «እሺ ትላለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ነው ሴቶቹ የመጡት። በኦገስት 1981 ዓ.ም. መጨረሻ 36 ሴቶች፣ ጥቂት ወንዶችና ልጆች በዌልስ ከምትገኘው ከካርዲፍ ከተማ በእግር ተነሥተው ሴፕቴምበር 5 ቀን ግሪነም ደረሱ። ጥያቄያቸው ከሚኒስትሩ ጋር በቴሌቪዥን፣ ሕዝብ እየሰማ፣ ስለ ሚሳይሉ እንከራከር የሚል ነበር። ክርክሩ ተከለከለ። እነርሱም ከአጥሩ ሥር ላስቲክ ዘርግተው ተቀመጡ። ጥቂት ቈይቶም ሠፈሩ የሴቶች ብቻ ሆነ። በዲሴምበር 12 ቀን 1982 ዓ.ም. 30,000 ያህል ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው 14 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን አጥር ዙሪያውን ከበቡት፤ የልጆቻቸውን ፎቶግራፍና ልብስም በሽቦው ላይ ሰቀሉ። በ1983 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ገና ሳይነጋ 44 ሴቶች አጥሩን ተሻግረው በምሽጎቹ ጣራ ላይ ወጥተው ጨፈሩ። ሚሳይሎቹ ግን በዚያው ዓመት በኖቬምበር መጡ።

ስለነዚህ ሴቶች የእንግሊዝ ሰው በአንድ ድምፅ አይናገርም። ገሚሱ ጀግኖች ናቸው ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ ቤታቸውን ጥለው በጭቃ ውስጥ የሚንከባለሉ ሥራ ፈቶች ናቸው ይል ነበር። የኒውቤሪ ምክር ቤት ራሱ ፍርድ ቤት እየሄደ ደጋግሞ አስነሥቷቸዋል። እነርሱም በበነጋው ተመልሰው መጥተዋል። ሚሳይሉ ሰላምን ያስጠብቃል ብለው ከልባቸው ያምኑ የነበሩት ሰዎችም ሞኞች አልነበሩም፤ የሶቪየት ኅብረት ሚሳይሎችም በምዕራብ አውሮፓ ከተሞች ላይ ተነጣጥረው ነበርና። እኔ ዛሬ በዚህ ክርክር ውስጥ ገብቼ ዳኛ ልሁን አልልም። የእኔ ጕዳይ ሌላ ነው፤ ይኸውም በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል ተረስታ የኖረችው የላሟ መብት ናት።

የመከላከያ ሚኒስቴር ሴቶቹ አጥሩን እየቈረጡ በመግባታቸው ስለ ተቸገረ፣ በ1985 ዓ.ም. አንድ ደንብ አወጣ። ያለ ፈቃድ ወደ ማረፊያው የገባ ሰው ሁሉ ይቀጣል የሚል ነው። ደንቡን ለማውጣት ሥልጣን ያገኘው በ1892 ዓ.ም. ከወጣው የጦር መሬቶች ሕግ ነበር። ብዙ ሴቶችም በዚህ ደንብ ተከሰው ተቀጡ። ሁለቱ ግን ይግባኝ አሉ። ያቀረቡትም ክርክር ስለ አቶሚክ ቦምብ ወይም ስለ ሰላም አልነበረም። አሮጌው ሕግ ይነበብ! አሉ።

ሕጉ ሲነበብ አንዲት ዐረፍተ ነገር ተገኘች። ሚኒስትሩ በጦር መሬት ላይ ደንብ ማውጣት ይችላል፤ ነገር ግን ደንቡ በመሬቱ ላይ የወል መብት ያላቸውን ሰዎች መብት የሚነካ መሆን አይችልም ትላለች። የግሪነም ጎረቤቶች ደግሞ የግጦሽ መብታቸው አልተሰረዘም፤ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በመላው አገር የወል መብት እንዲመዘገብ አዝዞ ስለ ነበር መብታቸው በመዝገብ ሰፍሯል። ስለዚህ «ማንም አይግባ» የሚለው ደንብ እነርሱንም የሚከለክል ሆነ፤ ሚኒስትሩም ከተሰጠው ሥልጣን በላይ ሄደ ማለት ነው።

የመንግሥት ጠበቆች በበኩላቸው ጥሩ ክርክር አቀረቡ። እነዚህ ሁለት ሴቶች ላም የላቸውም፤ የግጦሽ ባለ መብቶችም አይደሉም፤ ደንቡ ለባለ መብቶቹ ባይሠራ እንኳ በእነርሱ ላይ ይሥራ አሉ። ነገሩ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ሲወጣና ሲወርድ፣ አንዱ የፈረደውን ሌላው ሲሽረው ቈይቶ፣ ያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ወደ ነበረው ወደ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። ጌቶቹም ጁላይ 12 ቀን 1990 ዓ.ም. ፍርዳቸውን ሰጡ። ላም ነጂው እየገባ ሌላው ሰው የማይገባበት የጦር ሠፈር ደንብ ቢኖር፣ ሚኒስትሩ ካወጣው ደንብ ፈጽሞ የተለየ ሌላ ደንብ ይሆናል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ደንብ ቈርጦ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አይደለም። ስለዚህ ደንቡ በሙሉ በማንም ላይ አይጸናም፤ ሴቶቹም ነጻ ናቸው ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እናስብ። ያቺን ዐረፍተ ነገር በ1892 ዓ.ም. የጻፈው ሰው በሰማይ ላይ አይሮፕላን ሲበርር አይቶ አያውቅም፤ ያን ጊዜ አይሮፕላን አልነበረምና። አቶሚክ የሚባለውንም ነገር አያውቅም። ምናልባት በአንድ ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ ቀለም በጣቱ ላይ እየፈሰሰበት፣ ሕግ ሲያረቅ የሚውል ጸሓፊ ይሆናል። ግን መንግሥት ለጦር ልምምድ መሬት ሲይዝ የገበሬው ላም መሄጃ እንዳታጣ አስቦ አንዲት መስመር ጨመረ። መቶ ዓመት ሊሞላ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ያቺ መስመር 96 ሚሳይል ከነበረው የጦር ሠፈር ጋር ገጥማ አሸነፈች። በእኛ አገር «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ውሃ ይቆማል» ይባላል። በዚያ ቀን በእንግሊዝ አገር የቆመው ውሃ ትልቅ ወንዝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሚሳይሎቹን ያስወጣቸው ይህ ፍርድ አይደለም። ሬጋንና ጎርባቾፍ በዲሴምበር 8 ቀን 1987 ዓ.ም. በዋሺንግተን በፈረሙት ውል መሠረት፣ ሚሳይሎቹ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ መውጣት ጀምረው ነበር፤ የመጨረሻዎቹም በማርች 5 ቀን 1991 ዓ.ም. ሄዱ። በ1992 ዓ.ም. አሜሪካኖቹ ሠፈሩን ለእንግሊዝ አስረከቡ። ሴቶቹ ለዚህ ምን ያህል ረድተዋል የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። ሜዳው ለማን ይመለስ? ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ መፈለግ አላስፈለገም፤ መዝገቡ ላይ ተጽፎ ይገኝ ነበርና።

አመላለሱም ሊጠና የሚገባው ነው። በ1997 ዓ.ም. ለዚሁ የተቋቋመ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠፈሩን ከመከላከያ ሚኒስቴር ገዛው። ሕንጻዎቹ ያሉበትን ክፍል ለራሱ አስቀርቶ፣ ለነጋዴዎችና ለባለ ሙያዎች እያከራየ ገቢውን ለአካባቢው ሕዝብ ጥቅም አዋለው። ሰፊውን ሜዳ ግን ለአካባቢው ምክር ቤት በአንድ ፓውንድ ሸጠለት። መንደርደሪያው ተሰባበረ፤ ከፍርስራሹም ጥቂቱ በኒውቤሪ ዙሪያ ለተሠራው አዲስ መንገድ መደልደያ ሆነ። አጥሩ ፈረሰ። በአፕሪል 8 ቀን 2000 ዓ.ም. ሜዳው ለሕዝብ ተከፈተ፤ ላሞችም ተሰማሩ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የመጨረሻዎቹ ሴቶች ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ለዚህ ሜዳ ብቻ የተጻፈ ሕግ አውጥቶ፣ የጎረቤቶቹን የወል መብትና የሕዝቡን መተላለፊያ መልሶ አጸና። ስድስቱ ምሽጎች እንዳይፈርሱ በ2003 ዓ.ም. በታሪካዊ ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የአይሮፕላን መቈጣጠሪያው ግንብም በ2018 ዓ.ም. የጎብኚዎች ማዕከል ሆኖ ተከፈተ።

ከ1941 እስከ 2000 ዓ.ም. ብንቈጥር 59 ዓመት ይሆናል። በ1941 ዓ.ም. ላሙን ነድቶ የወጣ ወጣት፣ በሕይወት ቢቈይ ኖሮ፣ ሲመለስ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋው ሽማግሌ ነው። «ለጊዜው» ማለት ይህ ነው። የሰላሙ ውልስ? ሚሳይሎቹን ያስወጣው የዋሺንግተን ውል በኦገስት 2019 ዓ.ም. አሜሪካ ስለ ወጣችበት ፈረሰ። ታላላቆቹ መሪዎች በወርቅ ብዕር የፈረሙት ውል ሠላሳ ሁለት ዓመት አልሞላውም። የላሞቹ መብት ግን አሁንም በሕግ ጸንቶ ይኖራል።

አንዳንድ ሰው «ታዲያ ነገሩ በመጨረሻው በደኅና አልቋል፤ ምን ያስጨንቅሃል?» ይለኝ ይሆናል። በደኅና ያለቀው ግን በዕድል ነው። ሦስት ነገሮች ተገጣጠሙለት። ሕጉ ላይ አንዲት መስመር ተገኘች፤ መብቱ በመዝገብ ሰፍሮ ቈየ፤ ከአጥሩ ሥር የማይነቃነቁ ሰዎች ተቀመጡ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ሜዳው ዛሬ ወይ ሌላ ሠፈር ይሆን ነበር፣ ወይም ለከፈለ ሰው ይሸጥ ነበር። ሌላው ደግሞ «መንግሥት በችግር ቀን ጊዜ ወስዶ ቀንና ሰዓት እያሰላ መጻፍ አይችልም» ይለኛል። ይህ ክርክር ክብደት አለው። በ1941 ዓ.ም. ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ቀኑን ማወቅ ባይቻል፣ ሁኔታውን መጻፍ ይቻላል። «ጦርነቱ ባለቀ በስድስት ወር ውስጥ ለእገሌና ለእገሌ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጥ» ብሎ ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃል። በ1946 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ወረቀት ቢኖር ኖሮ፣ በ1951 ዓ.ም. ሜዳውን የፈለገው ሰው ቢያንስ እንደ ገና መጠየቅ ነበረበት። መጠየቅ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሚጠየቅ ሰው እንቢ ማለት ይችላልና።

እንግዲህ ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ወጣቶች፣ ገሚሶቻችሁ በትምህርት ቤት፣ ገሚሶቻችሁ በመሥሪያ ቤት ናችሁ። የዛሬው ተማሪ ነገ ረቂቅ አርቃቂ፣ ከነገ በስቲያም ፈራሚ ይሆናል። ከመካከላችን ስለ ዓለም ሰላም ውል የሚፈርም ሰው ጥቂት ነው፤ «ለጊዜው» የሚል ደብዳቤ የሚጽፍ ግን ብዙ ነው። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ ብዙ ያልቈየሁ እንደ መሆኔ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስንጫወት ሁላችንም ስለ ታላቁ ነገር፣ ስለ ዕቅድና ስለ ልማት እንጂ ስለ ዶሴ አናወራም። ዶሴ የአሮጌ ጸሓፊ ሥራ ይመስለናል። የግሪነም ታሪክ የሚያስተምረን ግን የሰው መብት የሚድነውም የሚጠፋውም በዶሴ ውስጥ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ለጊዜው የሚል ቃል ከመጻፋችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። እስከ መቼ? ከማን ተወስዶ ለማን ይመለሳል? የሚጠየቅበትስ ማን ነው? ለሦስቱም መልስ በወረቀቱ ላይ ይስፈር። ወረቀቱም ከመዝገብ ቤት እንዳይጠፋ ቍጥር ይሰጠው፤ ግልባጩም ንብረቱ ወይም መብቱ ለተወሰደበት ሰው ይድረሰው። ይህን ለማድረግ ሊቅነት አያስፈልግም፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጽሑፋችን ከእኛ ዕድሜ በላይ ይቈይ ይሆናል፤ ማን እንደሚያነብበው አናውቅም። ያን ሰው፣ ላሙን ይዞ ከአጥሩ ማዶ የቆመውን ሰው፣ እናስበው።